በ700 ሺህ ብር ቁጠባ ወደ 2018 መግባት፦ «ብር አትያዙ» ለተባለች ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «41 ዓመቴ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ባለቤቴ መርካቶ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው። ሁለት ልጆች አሉን፤ ጎተራ ኮንዶሚኒየም በ28 ሺህ ብር ተከራይተን እንኖራለን። በአንድ ባንክ 700 ሺህ ብር ቁጠባ አለን። 200 ሺህ ብር የባንክ አክሲዮን፣ 60 ሺህ ብር የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ገዝተናል። በጥር የጀመርነው የ12 ሰው ዕቁብም ታኅሣሥ ላይ 240 ሺህ ብር ይደርሰኛል። ሰዉ ሁሉ ብር አትያዙ ይለናል። አንዱ ዶላር፣ አንዱ ወርቅ፣ አንዱ የሪል እስቴት ቅድሚያ ክፈሉ ይላል። ባለቤቴ ደግሞ መኪና እንግዛ ባይ ነው። ሐሳባችን በሦስት ዓመት ውስጥ የራሳችን ቤት መግባት ነው። በ2018 ኢኮኖሚው ወዴት ይሄዳል ይላሉ? እርስዎስ የራስዎን ገንዘብ የት ያደርጋሉ?»

ምላሽ፦

ቁጥሮቹን ዘርዝረው ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። አብዛኛው ጠያቂ «ገንዘብ አለኝ፣ የት ላድርገው?» ብሎ ነው የሚጽፍልኝ። ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚፈልገው አይነግረኝም።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርዎ። በ2018 ከብር ለመሸሽ አይቸኩሉ። «ብር አትያዙ» የሚለው ምክር ትክክል የነበረበት ጊዜ ነበር። ያ ጊዜ እያለፈ ይመስለኛል። ሰዉ ግን ሩጫውን ስለለመደው አላቆመም።

ምክሩ ከየት እንደመጣ እንመልከት። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ ያኔም 7 በመቶ ነው፣ ዛሬም 7 በመቶ ነው። 100 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ብር ያገኛል። በ100 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን ከ130 ብር በላይ ሆኖ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ብረት የገዛ፣ ሲሚንቶ ያከማቸ፣ መኪና ገዝቶ ግቢው ያቆመ ሁሉ አተረፈ። ከብሔራዊ ቴአትር እስከ ሰንጋ ተራ ባሉት የባንክ ሕንጻዎች ውስጥ የሚሠሩ ወዳጆቼ እንኳን ደመወዛቸውን በገዛ ባንካቸው አያሳድሩም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በነሐሴ 2015 ብሔራዊ ባንክ ባንኮች የሚሰጡት ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገደበ፤ ጣሪያው በኋላ ወደ 18፣ በመስከረም 2018 ደግሞ ወደ 24 በመቶ ከፍ ብሏል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። በዚያው ሰሞን የፖሊሲ ወለድ የሚባለው፣ ብሔራዊ ባንክ ከባንኮች ጋር የሚበዳደርበት መነሻ ወለድ፣ 15 በመቶ እንዲሆን ተወሰነ። መንግሥትም የበጀት ጉድለቱን ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ እየተበደረ መሙላቱን ትቶ፣ የግምጃ ቤት ሰነድ የሚባለውን የአጭር ጊዜ የብድር ወረቀት እየሸጠ ከገበያ መበደር ያዘ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም በላይ ይመስለኛል። ገንዘብ ታትሞ ገበያ ውስጥ የሚፈስበት ትልቁ ቧንቧ ጠበበ ማለት ነው።

ብሩ ሲለቀቅ ንረቱ ሰማይ ይነካል ያለ ብዙ ነበር። ዶላሩ በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በ2017 መጨረሻ 140 ብር አካባቢ ደርሶ ነበር። ንረቱ ግን በሰኔ 2017 13.9 በመቶ ነበር። ነገሩ ግራ ያጋባል፤ ሱቅ ያለው ባለቤትዎ ግን ወዲያው ይገባዋል። ነጋዴው ዕቃ ሲተምን የነበረው በባንኩ 57 ብር አልነበረም፤ ቀድሞውኑ በጥቁር ገበያው ዋጋ ነበር። ባንኩ የተጠጋው ሱቁ ደርሶበት ወደነበረው ዋጋ ነው።

ሸማቹ ተረፈ እያልኩ አይደለም። ዋጋው ወደ ኋላ አልተመለሰም፣ የሚጨምርበት ፍጥነት ነው የቀነሰው። ለልጆችዎ ትምህርት ቤት ስንት እንደጨመሩ እርስዎ ያውቁታል።

በ2018ስ? ግምቴ ይህ ነው። ንረቱ በዝግታ መውረዱን ይቀጥላል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ወደ 10 በመቶ ቢጠጋ አይገርመኝም። ዶላሩ በባንክ መጨመሩን አያቆምም፤ ግን የ2016ቱን ዓይነት ዝላይ አልጠብቅም፤ ቀስ ቀስ እያለ የሚሄድ ነው የሚመስለኝ። ግምቴን ሊያበላሹ የሚችሉትንም ልጥቀስ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ጨምሯል፤ ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ገብቷል። ነዳጅ በየጊዜው እየተስተካከለ ነው፣ የመብራት ታሪፍም እንዲሁ። የዓመቱ በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው፤ ገቢው እንደታሰበው ካልተሰበሰበ ጉድለቱ ከየት ይሸፈናል የሚለው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። የመኸሩ እህል ኅዳርና ታኅሣሥ ገበያ ሲገባ የጤፍ ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ለኔ ከማንኛውም ሪፖርት በላይ ነው። የሀገራችን ንረት ግማሽ ልቡ ምግብ ላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በተለይ ይከታተሉ፤ የብድር ጣሪያውን። ባንኮች «ይነሳልን» እያሉ ነው፤ ከዚህም በላይ ሊላላ ይችላል ብዬ አስባለሁ። ሲላላ ባንኮች ብድር እንደልብ ይሰጣሉ፤ ቤትና መኪና ላይ የተኛው ገበያ ሊነቃ ይችላል። ለአስቀማጭ የሚከፍሉት ወለድ ግን ሊቀንስ ይችላል። ይህ አሁኑኑ የእርስዎን 700 ሺህ ይነካዋል። ወደዚያ ልለፍ።

700 ሺህ ብር በተራ ቁጠባ በ7 በመቶ በዓመቱ 749 ሺህ ይሆናል፤ ከወለዱ ላይ ግብር ይቆረጣል። ንረቱ በሰኔ 2017ቱ 13.9 በመቶ ላይ ቢቆይ ግን የመግዛት አቅሙን ለመጠበቅ ወደ 797 ሺህ መድረስ ነበረበት። ስለዚህ ወዳጆችዎ ግማሽ እውነት አላቸው፤ ገንዘቡ ባለበት ሂሳብ ውስጥ እየከሳ ነው። መፍትሔው ግን ከባንክ ማውጣት ላይሆን ይችላል። ያስቀመጡበትን መንገድ መለወጥ ሊበቃ ይችላል።

የጊዜ ገደብ ተቀማጭ የሚባለውን ሞክረው ያውቃሉ? ገንዘቡን ለስድስት ወር ወይም ለዓመት አስረው ያስቀምጣሉ፤ ወለዱ በድርድር ነው። የግል ባንኮች ጥሬ ገንዘብ ስለተጠሙ ለደህና መጠን ከ10 በመቶ በላይ ይከፍላሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መስኮት ላይ ያለችውን ልጅ ጠይቆ «7 በመቶ ነው» ስትለው ስለሚመለስ ነው። ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁን ያነጋግሩ። ሦስት አራት ባንክ ይዙሩ። «እገሌ ባንክ ይህን ያህል ብሎኛል» ይበሉ። መርካቶ እንደሚከራከሩት ይከራከሩ፣ ነውር የለውም። እነሱም ይጠብቁታል።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን 700 ሺውን በአንድ ውል አላስርም። 200 ሺህ ያህል በእጅ እንዳለ ይቆያል፤ የትምህርት ቤት፣ የሕክምና፣ የሱቅ ድንገተኛ ነው። 250 ሺህ ለስድስት ወር፣ 250 ሺህ ለዓመት። የዓመቱን ውል ቶሎ ባደርገው እመርጣለሁ፤ ከላይ እንዳልኩት የብድር ጣሪያው ሲላላ ይህ ወለድ ሊወርድ ስለሚችል ነው። ውሉን ሲፈርሙ ከጊዜው በፊት ቢያወጡ ምን እንደሚያጡ አስረግጠው ይጠይቁ። አንዳንዱ ባንክ ወለዱን ሁሉ ወደ 7 በመቶ ያወርደዋል። ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚጠቀሙ ከሆነም ተመሳሳይ የጊዜ ገደብ ሂሳብ አለ፤ የትርፉ መጠን ግን አስቀድሞ አይወሰንም።

የግምጃ ቤት ሰነድም አለ። የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን ሰነዶች በጨረታ ይሸጣሉ። ዛሬ በቅናሽ ይገዙታል፣ ሲያልቅ ሙሉውን ይቀበላሉ። ለምሳሌ ወለዱ 15 በመቶ ቢሆን ዓመት የሚቆየውን የ100 ሺህ ብር ሰነድ ወደ 87 ሺህ ብር ይገዙታል። ለባንክዎ የግምጃ ቤት ክፍል ማመልከት ነው። ቅርንጫፍ ላይ ያለው ሠራተኛ ግራ ሊጋባ ይችላል፤ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሂዱ። ሜክሲኮ ስለሆኑ ሁሉም ከቢሮዎ በእግር የሚደረስ ነው።

ሌላም አለ። ሁሉም ገንዘብ በአንድ ባንክ ነው ብለዋል። የተቀማጭ መድን ፈንድ የሚሸፍነው በአንድ ባንክ ለአንድ ሰው እስከ 100 ሺህ ብር ነው። ባንክዎ ይወድቃል ማለቴ አይደለም፤ እንደዚያ የሚያስብል ነገር አላየሁም። ለዚህ ብለው ሰባት ባንክ ሰባት ደብተር ማውጣትም ቀልድ ነው። ግን በእርስዎና በባለቤትዎ ስም በሁለት ሦስት ባንክ መከፈሉ ምንም አያስወጣዎትም፤ ለድርድሩም ይጠቅማል።

ዶላሩን አጠር አድርጌ ልለፈው። ከባንክና ፈቃድ ካላቸው የምንዛሪ ቢሮዎች ውጭ መግዛት ወንጀል ነው፤ ሐሰተኛ ኖት አለ፣ መያዝ አለ፣ መወረስ አለ። ይህን ትተን በሒሳቡ ብቻ እንሂድ። «ዶላር ከ57 ወደ 140 ሄደ፣ እጥፍ ተኩል ሊሆን ነው» የሚልዎት ሰው በ57 አልገዛም፤ በ57 የሚሸጥለት ባንክ አልነበረም። በጥቁር ገበያ ከ110 በላይ ነበር የሚገዛው። ከዚያ ላይ የደላላውን፣ የመግዣና መሸጫውን ልዩነት ቀንሰው ሲያዩት ትርፉ እንደወሬው አይሆንም። ወንድም እህት ውጭ ካለዎት እነሱ በራሳቸው ስም የዳያስፖራ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ መክፈት ይችላሉ። ሕጋዊው መንገድ ይህ ነው።

ግን አንድ ነገር ያላስተዋሉት ይመስለኛል። የእርስዎ ቤት ዶላር አለው። የባለቤትዎ ሱቅ ውስጥ ያለው ፍሬን ሸራ፣ ሾክ አብዞርበር፣ ፊልትሮ ሁሉ ከውጭ የመጣ ነው። ብሩ ሲወርድ የዕቃው ዋጋ ይወጣል። ስለዚህ ቤተሰቡ በመደርደሪያ ላይ ያስቀመጠው ዶላር አለ፤ ሕጋዊ፣ ትርፍ የሚያመጣ፣ ባለቤትዎ ከማንም በላይ የሚያውቀው። ስለ ኢንቨስትመንት ሲጽፉልኝ ሱቁን ከነጭራሹ አልቆጠሩትም። ብዙ ባለትዳሮች እንዲህ ናቸው፤ ቁጠባ የሚስት፣ ሱቅ የባል ሆኖ ሁለት ደብተር ይያዛል። አንድ ወረቀት ላይ ይጻፉት። ሱቁ ውስጥ የአንድ ሚሊዮን ብር ዕቃ ካለ፣ ከጠቅላላ ሀብታችሁ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ዶላርን ተከትሎ የሚሄድ ነው። ከዚያ በኋላ ዶላር ፍለጋ መሄድ አንድ ነገር ላይ ሁለት ጊዜ መወራረድ ይሆናል።

ወደ ቤቱ እንምጣ። ደብዳቤዎ ውስጥ ልብዎ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ቁጥር እንሥራ። ዋጋዎቹ ምሳሌ ናቸው፤ ወደ መሃል ከተማ ሲጠጉ ይጨምራሉ። 90 ካሬ ሜትር አፓርታማ ካሬው 100 ሺህ ብር ቢባል 9 ሚሊዮን ነው። ሻጩ «10 በመቶ ብቻ ከፍለው ይጀምሩ» ይልዎታል። 900 ሺህ። ቁጠባውና ዕቁቡ ተደምሮ 940 ሺህ ነው፣ ይበቃል! እዚህ ላይ ነው ሰው የሚታለለው። ቀሪው 8.1 ሚሊዮን በሦስት ዓመት ቢከፋፈል በየወሩ 225 ሺህ ብር ነው። ግማሹን ዋጋ ባንክ ቢያበድርዎት እንኳን 4.5 ሚሊዮን ብር ብድር በ18 በመቶ ለ20 ዓመት በየወሩ ወደ 70 ሺህ ብር ያስከፍላል። ከዚያ በፊት ደግሞ 3.6 ሚሊዮኑን በሦስት ዓመት ውስጥ በየወሩ 100 ሺህ እያደረጉ ሊከፍሉ ነው። የሱቁን ገቢ አላውቅም። ይህን የሚችል ከሆነ ጥሩ። ካልቻለ ግን ያ 900 ሺህ ብር የቤት መግቢያ አይሆንም፤ ክፍያው መሃል ላይ ተቋርጦ ውሉ ሲፈርስ ተቀናንሶ የሚመለስ ገንዘብ ይሆናል። ስንቱን አይቻለሁ።

ቅድሚያ ክፍያ ማለት ለገንቢው ያለ ወለድ ማበደር ነው። ለብድሩ ዋስትናዎ የሱ ቃልና አንድ ውል ብቻ ነው። ስለዚህ ውሉን እንደ ባንክ ሠራተኛ ያንብቡት። የመሬቱ ካርታ በማን ስም ነው? ዕዳና እገዳ አለበት? የግንባታ ፈቃዱ ስንት ፎቅ ይላል? ከምንም በላይ ደግሞ «የዋጋ ማስተካከያ» የምትለዋን አንቀጽ ይፈልጉ። ዶላር ወይም የብረት ዋጋ ሲጨምር የቤቱ ዋጋ ይጨምራል የምትል መስመር ካለች፣ የገዙት ቤት ዋጋው አልታወቀም ማለት ነው። ቢዘገይ ገንቢው ምን ይከፍላል የሚለውም ይታይ፤ እርስዎ ሲዘገዩ የሚከፍሉት ተጽፏል፣ እሱ ሲዘገይ የሚከፍለው ግን ብዙ ጊዜ የለም። ሰፈሩን በተመለከተም ካዛንቺስና ፒያሳ ላይ የሆነውን አይተዋል። በመሃል ከተማ የኮሪደርና የመልሶ ማልማት ፕላን የት እንደሚያልፍ ከወረዳና ከክፍለ ከተማ መጠየቅ አሁን የግዢው አካል ነው።

«ታዲያ ኪራይ እየከፈልን እንኑር?» ይሉኝ ይሆናል። ለጊዜው አዎ። የኪራይ ገንዘብ ባከነ የሚለው አባባል ሁልጊዜ አይሠራም። በምሳሌያችን የ9 ሚሊዮን ብር ቤት ባለቤት ያንን ገንዘብ በ10 በመቶ ቢያስቀምጠው በዓመት 900 ሺህ ብር ያገኝ ነበር። እርስዎ የሚከፍሉት የዓመት ኪራይ 336 ሺህ ብር ነው። በሌላ በኩል የኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ለተከራይ ጥሩ ጋሻ ነው። ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ አከራዩ እንዳሻው አይጨምርም፤ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያም አይጠይቅም። ውልዎ ተመዝግቧል? ካልተመዘገበ ከሪል እስቴት ቢሮ በፊት ወረዳ ይሂዱ። አንድ ወረቀት ነው፤ ለሁለት ዓመት እንቅልፍ ይሰጥዎታል።

ቤቱን ተዉት አላልኩም። አዲስ አፓርታማ በቅድመ ክፍያ ከመግዛት ይልቅ ያለቀ፣ ካርታ ያለው፣ አነስ ያለ ኮንዶሚኒየም ከመሃል ወጣ ብሎ ይፈልጉ። የመሸጥ ገደቡ ያለፈ መሆኑን ያረጋግጡ። ብድር በጠበበበት ዓመት ጥሬ ገንዘብ የሚፈልግ ሻጭ አይጠፋም። ደላላው «ዋጋው አይነካም» ቢልዎትም ሻጩን ፊት ለፊት ያግኙት። ያሰሩት ገንዘብ ሲፈታ የመደራደር ጉልበት የሚሆንዎት ያኔ ነው። ብር መያዝ በ2014 ሞኝነት ነበር። ዘንድሮ ግን ብር የያዘ ሰው የሚለመንበት ገበያ አለ።

አክሲዮኖቹ። የባንክ አክሲዮኑን አይሽጡ፣ ተጨማሪም አይግዙ። ምክንያቴ ይህ ነው። ነባር ባንኮች እስከ ሰኔ 2018 መጨረሻ የተከፈለ ካፒታላቸውን 5 ቢሊዮን ብር ማድረስ አለባቸው። ያልደረሰው አዲስ አክሲዮን ይሸጣል፣ ትርፉንም ለባለአክሲዮን ከመክፈል ወደ ካፒታል ያዞራል። የአክሲዮኑ ቁጥር ሲበዛ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ትርፍ ይሳሳል። በዚያ ላይ የባንክ ሥራ አዋጁ፣ ቁጥር 1360/2017፣ ለውጭ ባንኮች በሩን ከፍቷል፤ የውጭ ዜጎች በአንድ የሀገር ውስጥ ባንክ እስከ 49 በመቶ መያዝ ይችላሉ። ጥሩ ባንክ ላይ ያለ ድርሻዎ ዋጋ ሊያወጣ ይችላል። ደካማው ላይ ያለው ግን ውህደት ውስጥ ሊገባ ይችላል። የትኛው ላይ እንዳሉ የሚያውቁት ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ነው። እርስዎ የሒሳብ ሰው ነዎት፤ ለጉባኤው ምሳ ብቻ አይሂዱ። ሪፖርቱን ያንብቡ። በአንድ አክሲዮን የተገኘው ትርፍ ካለፈው ዓመት ጨምሯል? ትርፉ ከብድር ወለድ ነው የመጣው ወይስ ብር ሲወርድ በምንዛሪ ልዩነት የተገኘ ነው? የሁለተኛው ዓይነት ትርፍ በየዓመቱ አይደገምም።

ኢትዮ ቴሌኮምን አይንኩት። በ300 ብር 200 አክሲዮን ነው ያለዎት። ለሽያጭ ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ ከ47 ሺህ የሚበልጥ ሰው ገዝቶታል። ሰዉ ያመነታው በኩባንያው ላይ አይመስለኝም፤ ድርጅቱ አትራፊ ነው። መሸጫው ነው የጠፋው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ተከፍቷል፤ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ሆኖ ገባ፣ ገዳ ባንክ ተከተለ። ገበያው ገና ቀጭን ነው። በአንድ ቀን ፈልገው በዕለቱ ዋጋ የሚሸጡበት ደረጃ እስኪደርስ ድረስ አክሲዮንን እንደ ጥሬ ገንዘብ አይቁጠሩት። የቤት ገንዘብዎን እዚያ ውስጥ እንዳይጨምሩ የምልዎት ለዚህ ነው።

ወርቅ። የዓለም ዋጋው በ2017 ብዙ ወጥቷል፤ ዋጋው በዶላር ስለሆነ ብር ሲወርድ ለኛ በሁለት በኩል ይጨምራል። ግን ከፒያሳ ወርቅ ቤት ሲገዙ የእጅ ዋጋ ይከፍላሉ፣ ሲሸጡ የእጅ ዋጋውን ማንም አይመልስልዎትም። 18 ካራት ሦስት አራተኛው ብቻ ወርቅ ነው፤ 21 ይሻላል። ለልጅዎ ሠርግ ከሆነ ይግዙ። ለሦስት ዓመት የቤት ዕቅድ ከሆነ ይለፉት።

ዕቁቡ ላይ ትንሽ ላስከፋዎት ነው። በጥር ጀምሮ ታኅሣሥ የሚደርስዎት ከሆነ የመጨረሻዋ ተረኛ ነዎት። በየወሩ የከፈሉት 20 ሺህ በአማካይ ለስድስት ወር ገደማ ያለ ወለድ ተቀምጧል፤ በንረቱ ሲሰላ ወደ 15 ሺህ ብር የሚጠጋ የመግዛት አቅም ለጓደኞችዎ ሰጥተዋል። የመጀመሪያው ተረኛ ያንን አግኝቷል። ዕቁብ የሚያስቆጥብ ነገር ስለሆነ አልነቅፈውም፤ ሳይገደድ የማይቆጥብ ሰው ብዙ ነው። የሚቀጥለው ዙር ሲጀመር ግን ቀድሞ መውጫ ይለምኑ፤ ካልሆነ ያንን 20 ሺህ በየወሩ በስድስት ወር ተቀማጭ ያጠራቅሙት።

የራሴን ስለጠየቁኝ አልደብቅዎትም። ለ2018 ከገንዘቤ ግማሽ ያህሉ ብር ነው፤ በጊዜ ገደብ ተቀማጭና በግምጃ ቤት ሰነድ ተከፋፍሎ ጊዜው በተለያየ ወር የሚፈታ። ሩቡ የቆየ የባንክ አክሲዮን ነው፤ አዲስ አክሲዮን ሲመጣ ሪፖርቱን አይቼ እንጂ ዓይኔን ጨፍኜ አልወስድም። ቀሪው ከዘመድ ጋር በጋራ የያዝነው ትንሽ የሱቅ ቦታ ነው። ወርቅ የለኝም። ከሁለት ዓመት በፊት ብትጠይቁኝ ብሩ ከአሥር እጅ አንዱም አይሆንም ነበር። ንረቱ ተመልሶ ወደ 20 በመቶ መውጣት ከጀመረ፣ ወይም መንግሥት እንደገና ከብሔራዊ ባንክ በቀጥታ መበደር ከጀመረ፣ ሐሳቤን ወዲያው እቀይራለሁ። የማየው እነዚህን ሁለቱን ነው።

የባለቤትዎ መኪና ቀረ። ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ ያሉት ዋጋቸውን ይዘዋል፤ ስለዚህ «መኪና አይከስርም» ቢል ያለ ምክንያት አይደለም። ግን እሱ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ነው። መኪና ሲገዙ ደግሞ ያው ዶላርን የሚከተል፣ ያው ከመኪና ገበያ ጋር የታሰረ ሀብት ላይ ይጨምራሉ፤ ነዳጁ፣ ቦሎው፣ ኢንሹራንሱ ሳይቆጠር። ልጆች ለማመላለስ ከሆነ ይገዛ፣ ከሱቁ ትርፍ እንጂ ከዚህ 700 ሺህ አይሁን። እንዲያውም የዕቁቡን 240 ሺህ ለመኪና ከማዋል ሱቁ ውስጥ ቶሎ የሚሸጥ ዕቃ ቢገባበት ይሻል ይሆናል። ይህን ለመወሰን አንድ ቁጥር ያስፈልገኛል፤ የሱቁ ዕቃ በዓመት ስንት ጊዜ ተሸጦ ይተካል? ባለቤትዎን ጠይቀው ይጻፉልኝ። ከሦስት ጊዜ በላይ ከሆነ ስለ ዕቁቡ ገንዘብ የምመክርዎት ይለወጣል።